አፍሪካ ከማጣሪያው የቀረችበት ዘመን

እንግሊዝ በ1966 ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው ኢዩሴቢዮ ነው፤ ዘጠኝ ግብ አስቆጥሯል። የተወለደው ያኔ ሎሬንሶ ማርኬሽ፣ ዛሬ ማፑቶ በምትባለው የሞዛምቢክ ከተማ ሲሆን የለበሰው የፖርቱጋልን ማሊያ ነበር። የቡድኑ አምበል ማሪዮ ኮሉና፣ ተከላካዮቹ ሂላሪዮና ቪሴንቴም እንዲሁ የሞዛምቢክ ልጆች ናቸው። ፖርቱጋል በእነዚህ ሰዎች ብርታት ሦስተኛ ሆና ስትጨርስ ከአሥራ ስድስቱ ተሳታፊዎች መካከል አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም። የአፍሪካ ልጅ በቅኝ ገዢው ስም ሲጫወት የአፍሪካ ሰንደቅ ግን በስታዲየሞቹ አልተሰቀለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አፍሪካ የጠፋችው ደግሞ ተሸንፋ አይደለም። ለማጣሪያው የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ አገሮች አንድም ጨዋታ ሳያደርጉ ተስማምተው ወጥተዋል። ይህ ውሳኔ በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ እንደ ኅዳግ ማስታወሻ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ስለ አፍሪካ ቡድኖች ሲወራ የካሜሩን፣ የሴኔጋልና የሞሮኮ ድሎች ይነሳሉ፤ እነዚያን ድሎች ያስቻለው ግን ከዓመታት በፊት በማጣሪያው ሕግ ላይ የተካሄደው ሙግት ነው። ለየትኛው አህጉር ስንት ቦታ ይሰጥ የሚለው ውሳኔ ለቡድን ጥንካሬ የሚሰጥ ሽልማት ተደርጎ ይታያል። የአፍሪካ ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው፤ ቦታው ቀድሞ ተሰጠ፣ ጥንካሬው ተከትሎ መጣ።

ከ1966 በፊት የነበረውን መንገድ ማየት የሙግቱን ምክንያት ግልጽ ያደርገዋል። ማጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደበት በ1934 ግብፅ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር የነበረችውን ፍልስጤም ካይሮ ላይ 7 ለ 1፣ በመልሱ 4 ለ 1 አሸንፋ ጣሊያን ገባች። ኔፕልስ ላይ በሃንጋሪ 4 ለ 2 ተሸነፈች፤ ውድድሩ ያኔ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ጥሎ ማለፍ ስለነበር የግብፅ ዓለም ዋንጫ በ90 ደቂቃ ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ እስከ 1970 ድረስ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም የአፍሪካ ቡድን ዋናውን ውድድር አልረገጠም። በ1954 ማጣሪያ ግብፅ ከጣሊያን ጋር ተመድባ ካይሮ ላይ 2 ለ 1፣ ሚላኖ ላይ 5 ለ 1 ተረታች። በ1958 አፍሪካና እስያ አንድ ላይ ታስረው አንድ ቦታ ተሰጣቸው። ሱዳን ሶርያን ጥላ አለፈች፤ ከዚያ ግን ከእስራኤል ጋር ላለመጫወት ወጣች። ግብፅ፣ ኢንዶኔዥያና ቱርክም በየምክንያታቸው ወጡ፤ እስራኤልም ኳስ ሳትነካ አላፊ ሆነች። ፊፋ ማንም ሳይጫወት ማለፍ አይችልም ብሎ ከአውሮፓ ተሸናፊዎች መካከል በዕጣ ተጋጣሚ ፈለገላት። ቤልጂየም ዕጣው ቢደርሳትም አልፈልግም ስላለች ዌልስ ገባች፤ ሁለቱንም ጨዋታ 2 ለ 0 አሸንፋ ስዊድን ሄደች፤ እዚያም እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ዌልስ በራሷ ምድብ ተሸንፋ ወድቃ ነበር። በዚህ መንገድ ለሁለት አህጉር የተመደበው አንድ ቦታ ተመልሶ አውሮፓ እጅ ገባ።

የ1962ቱ ማጣሪያ ደግሞ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። ያኔ አፍሪካም እስያም የራሳቸው ቦታ አልነበራቸውም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከአውሮፓ ቡድን ጋር ተጋጥሞ ማሸነፍ ነበረበት። ሞሮኮና ቱኒዚያ ካዛብላንካና ቱኒስ ላይ እኩል ሆነው መለያ ጨዋታቸውን ሲሲሊ ውስጥ ፓሌርሞ ሄደው ተጫወቱ፤ አሁንም 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ሞሮኮ በዕጣ አለፈች። ቀጥላ ጋናን ጣለች። ይህን ሁሉ ጨርሳ የጠበቃት የአልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ስፔን ነው፤ ካዛብላንካ ላይ 1 ለ 0፣ ማድሪድ ላይ 3 ለ 2 ተሸንፋ ቀረች። በሁለቱም ጨዋታ ልዩነቱ አንድ ግብ ብቻ እንደነበር ልብ ይሏል። ኢትዮጵያ በበኩሏ የተመደበችው ከአፍሪካውያን ጋር እንኳ አልነበረም። ጣሊያን፣ ሮማኒያ፣ ቆጵሮስና እስራኤል ባሉበት የአውሮፓ ምድብ ውስጥ ገብታ በመጋቢት 1961 ሁለቱንም ጨዋታ እስራኤል ድረስ ሄዳ አደረገች፤ 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፈች። አዲስ አበባ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሳታይ ቀረች። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 1962 ላይ፣ አዲስ አበባ በተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ ቡድን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የአህጉር ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ ቡድን ከአንድ ዓመት በፊት በራሱ ሜዳና በራሱ ደጋፊ ፊት የመጫወት ዕድል ያላገኘበት ማጣሪያ ችሎታን መዘነ ማለት ይከብደኛል።

በእነዚሁ ዓመታት አህጉሩ ራሱ እየተለወጠ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በየካቲት 1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት አባላቱ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በሦስት አገር ተካሄደ፤ ደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችና ነጮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960 ብቻ፣ 17 አገሮች ነጻ ወጡ። አዲስ አገር ሁሉ ሰንደቅ እንዳወጣ ብሔራዊ ቡድን ያቋቁማል፤ ብሔራዊ ቡድን እንዳቋቋመም ለፊፋ ማመልከቻ ይልካል። ኳሱም አብሮ አደገ። የጋና ጥቋቁር ከዋክብት በ1962 አክራ ላይ ከሪያል ማድሪድ ጋር 3 ለ 3 ተለያዩ፤ በ1963 እና በ1965 የአፍሪካን ዋንጫ በተከታታይ ወሰዱ። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ አፍሪካ የራሷ ቦታዎች ስለነበሯት ግብፅ፣ ጋናና ሞሮኮ ተሳተፉ፤ ግብፅ ደቡብ ኮሪያን 10 ለ 0 ቀጥታ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ አራተኛ ሆና ጨረሰች። እርግጥ በግማሽ ፍጻሜው ሃንጋሪ 6 ለ 0 ቀጥታታለች፤ የኦሊምፒክ ኳስም የምዕራብ አውሮፓ ባለሙያ ተጫዋቾች የማይገቡበት ነበር። እንደዚያም ሆኖ ከዓለም አራተኛ መውጣት ለአንድ አህጉር ግማሽ ቦታ እንኳ አይገባውም ለሚል ሰው በቂ መልስ ይመስለኛል።

ፊፋ በጥር 1964 የ1966ቱን ድልድል ሲያስታውቅ ይህ ሁሉ ከቁም ነገር አልተቆጠረም። ከ16ቱ ቦታ አውሮፓ አዘጋጇን እንግሊዝን ጨምሮ አሥር፣ ደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኗን ብራዚልን ጨምሮ አራት፣ ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ከካሪቢያን ጋር አንድ ወሰዱ። የቀረው አንድ ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ ተተወ። የአፍሪካ አገሮች እርስ በርሳቸው ተጣርተው ሲያበቁ ደግሞ ከእስያና ከኦሺኒያው አሸናፊ ጋር ሊገጥሙ ነው። ተቃውሞውን ከፊት ሆነው የመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃን እና የኛው ይድነቃቸው ተሰማ። ጃን ከጀርባው ስፖርትን ለአፍሪካ አንድነት መሣሪያ ያደረገው ክዋሜ ንክሩማ ነበረ። ይድነቃቸው ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ፣ የስፖርት አስተዳዳሪ ሆኖ ኳሱን ከሜዳ እስከ ጽሕፈት ቤት የሚያውቅ ሰው ነበር። ክርክራቸው ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው የፍትሕ ነው፤ ሦስት አህጉር አንድ ቦታ እየተካፈለ አንድ አህጉር አሥር መውሰዱ። ሁለተኛው የገንዘብና የርቀት ነው፤ ገና የተቋቋመ ፌዴሬሽን ቡድኑን በአፍሪካ ውስጥ አዟዙሮ ሲያበቃ እስያ ድረስ የሚልክበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ያን ጊዜ ከአንድ የአፍሪካ ዋና ከተማ ወደ ሌላው ለመብረር ብዙ ጊዜ በአውሮፓ በኩል መዞር ያስፈልግ ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ በአፓርታይድ ምክንያት ከካፍ ውጭ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ስታንሊ ራውስ በሚመራው ፊፋ ወደ እስያና ኦሺኒያ ምድብ እንድትገባ መደረጓ ቁስሉን አባባሰው። በሐምሌ 1964 የካፍ ስብሰባ ካይሮ ላይ አንድ የተረጋገጠ ቦታ ካልተሰጠን አንጫወትም ብሎ ወሰነ። ፊፋ ድልድሉን አልቀየረም፤ አፍሪካውያኑም ወጡ፤ ቅጣትም ተጣለባቸው። ደቡብ አፍሪካ በዚያው ዓመት ቶኪዮ ላይ በተደረገው የፊፋ ጉባኤ ታገደች።

በጊዜው ለዚህ የተሰጠው መልስ ዛሬም የሚሰማ ነው፤ የዓለም ዋንጫ የምርጦች መድረክ ስለሆነ ቦታ በችሎታ እንጂ በካርታ አይታደልም የሚል። ክርክሩ ሲሰሙት ያሳምናል፤ ግን በ1966ቱ ውጤት ራሱ ይፈተን። ስዊዘርላንድ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ፣ ዘጠኝ ግብ ተቆጥሮባት፣ አንድ አስቆጥራ ወደ አገሯ ገባች። ቡልጋሪያም እንዲሁ ሦስቱንም ተሸንፋ፣ ስምንት ገብቶባት፣ አንድ አግብታ ተመለሰች። ለአውሮፓ ከተሰጡት አሥር ቦታዎች ሁለቱ አንድ ነጥብ ያላገኙ ቡድኖች ያዙት ማለት ነው። እነዚህን ውጤቶች ይዞ አውሮፓ ቦታ ትቀነስ ያለ አልተሰማም፤ መባልም አልነበረበትም፤ ምክንያቱም በውድድር ውስጥ የሚሸነፍ ቡድን መኖሩ የግድ ነው። ችግሩ መለኪያው ለአንዱ አህጉር ብቻ መዋሉ ላይ ነው። የአውሮፓ ደካማ ቡድን ሲሸነፍ ደካማው ያ ቡድን ይሆናል፤ የአፍሪካ ቡድን ሲሸነፍ ግን ደካማው አህጉሩ ሁሉ ይሆናል። በ1974 ዛየር በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ስትሸነፍ የሆነው ይኸው ነው፤ ያ ውጤት ለዓመታት በአፍሪካ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ደቡብ ኮሪያ በ1954 በሃንጋሪ 9 ለ 0፣ ኤል ሳልቫዶርም በ1982 በዚያችው ሃንጋሪ 10 ለ 1 መሸነፋቸው ግን ዛሬ የሚታወሰው በስታቲስቲክስ አፍቃሪዎች ዘንድ ነው።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ በሰሜን ኮሪያ ስም የሚቀርበው ነው። ያው አንድ ቦታ፣ ያው ጠባብ መንገድ ለሰሜን ኮሪያም ነበር፤ እሷ ተጫውታ አለፈች፤ ሚድልስብራ ላይ በፓክ ዱ ኢክ ግብ ጣሊያንን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ በሩብ ፍጻሜ ፖርቱጋልን 3 ለ 0 መርታ ኢዩሴቢዮ አራት አስቆጥሮ 5 ለ 3 ከመሸነፏ በፊት ዓለምን አስደነቀች። እንግዲህ ጠባቡም በር ያሳልፋል፤ አፍሪካውያኑ ቢጫወቱ ኖሮ ያልፉ ነበር ይባላል። ነገር ግን ሰሜን ኮሪያ ስንት ጨዋታ አድርጋ አለፈች? ሁለት ብቻ። አፍሪካውያኑ ወጥተዋል፣ ደቡብ አፍሪካ ታግዳለች፣ ጨዋታው ወደ ካምቦዲያ ስለተዛወረ ደቡብ ኮሪያም ቀርታለች። የቀረችው አውስትራሊያ ነበረች፤ በኅዳር 1965 ፕኖም ፔን ላይ፣ በገለልተኛ ሜዳ፣ በሦስት ቀን ልዩነት 6 ለ 1 እና 3 ለ 1 ተሸነፈች። የካምቦዲያው ልዑል ሲሃኑክ ተመልካቹ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለአንዱ ግማሹ ለሌላው እንዲያጨበጭብ አድርጎ ነበር። ሰሜን ኮሪያ በሁለት ጨዋታ ብቻ ያለፈችው ማጣሪያው ሊፈርስ ጥቂት ስለቀረው ነው። ድልድሉ እንደታሰበው ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ሰሜን ኮሪያ ከአፍሪካ አሸናፊ ጋር ትገጥም ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ጣሊያንን ሳያገኝ ይቀር ነበር። የሰሜን ኮሪያ ድል ለድልድሉ ትክክለኛነት ሊጠቀስ አይችልም። የሚያሳየው ከሦስቱ አህጉራት ውስጥ ዕድል ያገኘ ቡድን የአውሮፓን ትልቅ ቡድን ሊጥል እንደሚችል ነው፤ ጃንና ይድነቃቸውም ያሉት ይህንኑ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ተቃውሞ ነው። ያ ውሳኔ የአንድ ትውልድ ተጫዋቾችን ዕድል በላ። በ1963ና በ1965 አፍሪካን ያሸነፈው የጋና ቡድን፣ ቶኪዮ ላይ አራተኛ የወጣው የግብፅ ቡድን፣ የኢትዮጵያ የ1962 ጀግኖች፣ ሁሉም በጉልበታቸው ዘመን የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ጫማ ሰቀሉ። ተጫዋች የሚኖረው ዕድሜ አጭር ነው፤ በአስተዳዳሪዎች ውሳኔ አራት ዓመት ማጣት ማለት ለአብዛኛው ሁሉንም ማጣት ነው። ይህን ዋጋ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ያጡትን ስናሰላ ሊያገኙ ይችሉ የነበረውንም እናስላ፤ ከ15 አገሮች ቢበዛ አንዱ፣ እሱም የእስያውን ካሸነፈ፣ እንግሊዝ ይገባ ነበር። የቀሩት አሥራ አራቱ በሁለቱም መንገድ ቤታቸው ነበሩ። በምትኩ የተገኘው ምንድን ነው ቢባል፣ ለ1970ው የሜክሲኮ ውድድር አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ቦታ፣ ከማንም ጋር የማትጋራው፣ ተሰጣት። እስያም ከአፍሪካ ተለይታ የራሷን መንገድ አገኘች። የውሳኔው ትርፍ ላልተጫወቱት ሰዎች አልደረሰም፤ ከኋላቸው ለመጡት ደረሰ። በዚህ ምክንያት እነዚያ ቡድኖች ከዋንጫ ባለቤቶች እኩል ሊከበሩ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ቦታው ከተገኘ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መመልከት የክርክሩ ዋና ማስረጃ ነው። ለ1970 በተደረገው ማጣሪያ ኢትዮጵያ ሊቢያን አዲስ አበባ ላይ 5 ለ 1 አሸንፋ አለፈች፤ ቀጥሎ በሱዳን ወደቀች። ሞሮኮና ቱኒዚያ እንደገና ተገናኙ፤ እንደገና እኩል ሆኑ፤ አሁን መለያውን ማርሴይ ሄደው 2 ለ 2 ጨረሱ፤ ሞሮኮም እንደገና በዕጣ አለፈች። ዘጠኝ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቱኒዚያን ያስቀራት ዕጣ መሆኑ የዚያን ዘመን ማጣሪያ ጭካኔ ያሳያል። ሁለቱ አገሮች በጥር 1977 ሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ ግን ሕጉ ተለውጦ ነበር፤ ቱኒስ ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታሪክ የመጀመሪያው የመለያ ምት ተመታ፤ ቱኒዚያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ለ1978ቱ ውድድር አርጀንቲና ሄዳም ሜክሲኮን 3 ለ 1 በማሸነፍ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን ድል እንድታገኝ አደረገች፤ ሻምፒዮን ሆና ከመጣችው ምዕራብ ጀርመን ጋርም ያለ ግብ ተለያየች። ቀደም ብሎ በሜክሲኮ ሞሮኮ ምዕራብ ጀርመንን በሁማን ጃሪር ግብ ስትመራ ቆይታ 2 ለ 1 ተሸንፋለች፤ ከቡልጋሪያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ የአፍሪካን የመጀመሪያ ነጥብ ይዛለች። እንግዲህ ከ1970 እስከ 1978 ባሉት ሦስት ውድድሮች በአንዲት ቦታ ብቻ አፍሪካ ከመጀመሪያ ነጥብ ወደ መጀመሪያ ድል ተሻገረች። መሃል ላይ የዛየር ሽንፈት አለ፤ ትምህርት በቀጥታ መስመር አይሄድምና።

የቦታው ቁጥር ሁለት የሆነው በ1982 ነው፤ ይህም በሜዳ ላይ ብቻ የተገኘ አልነበረም። በሰኔ 1974 ፍራንክፈርት ላይ ብራዚላዊው ጆአዎ አቬላንጅ ራውስን አሸንፎ የፊፋ ፕሬዚዳንት ሲሆን የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ውድድሩን ወደ 24 ቡድን ማስፋት የምርጫ ቃሉ ነበር። ካፍን ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የመራው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ስለዚህ ቦታው የመጣው ከአቬላንጅ የድምፅ ፍለጋ ነው፣ ከ1964ቱ እምቢታ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ድምፅ ዋጋ የሚኖረው ግን አንድ ላይ ሲቆም ነው። የአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ተባብረው መቆም እንደሚችሉ፣ ለዚህም ከባድ ዋጋ እንደሚከፍሉ ያሳዩት በ1964 ነው፤ አቬላንጅ በ1974 ያባበለው ያንን ኅብረት ነው። ሁለቱ ቦታዎችም ወዲያው ፍሬ አፈሩ። አልጄሪያ ኺኾን ላይ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን አሸንፋም ሳታልፍ የቀረችው ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሁለቱንም በሚያሳልፍ 1 ለ 0 ውጤት ጨዋታውን ቆመው ስለጨረሱት ነው። የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲካሄዱ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው፤ የዓለም ዋንጫ ሕግ በአፍሪካ ቡድን በደል ምክንያት ተሻሻለ ማለት ነው። ካሜሩን ሦስቱንም አቻ ወጥታ፣ ዋንጫውን ከወሰደችው ጣሊያን ጋር በነጥብ እኩል ሆና፣ በአንድ የገባ ግብ ልዩነት ተመለሰች። በ1986 ሞሮኮ እንግሊዝ፣ ፖላንድና ፖርቱጋል ያሉበትን ምድብ በአንደኝነት ጨረሰች። በ1990 ካሜሩን ዲዬጎ ማራዶና የሚመራትን አርጀንቲናን በመክፈቻው አሸንፋ እስከ ሩብ ፍጻሜ ሄደች። ለ1994 ሦስት፣ ለ1998 አምስት ቦታ ተሰጠ። በ2018 አምስቱም የአፍሪካ ቡድኖች ከምድብ ሳያልፉ መቅረታቸው እውነት ነው፤ ይህን ይዘው ቦታው በዛ ያሉም ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ኳታር ላይ አምስቱም ቢያንስ አንድ ጨዋታ አሸነፉ፤ ሞሮኮም ስፔንንና ፖርቱጋልን አሰናብታ ግማሽ ፍጻሜ ገባች። ያኔም እንኳ ካፍ ለ54 አባላቱ አምስት ቦታ ሲኖረው አውሮፓ ለ55 አባላቷ 13 ነበራት።

ለ2026 ቁጥሩ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታና አንድ የጥሎ ማለፍ ዕድል ሆኗል፤ ይህ ለታዳጊ ቡድኖች ምን እንደሚለውጥ በሁለት አገሮች ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ2013 የኢትዮጵያ ዋሊያዎች በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈው ምድባቸውን መሩ። ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበትን ተጫዋች ቦትስዋና ላይ በማሰለፋቸው ሦስት ነጥብ ተቀነሰባቸው፤ የሆነ ሆኖ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፈው አንደኛ ሆነው ጨረሱ። ኬፕ ቨርዴም በዚያው ማጣሪያ ቱኒዚያን በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ ምድቧን መርታ ነበር፤ ለመሰለፍ የማይፈቀድለት ተጫዋች አሰልፋለች ተብሎ በፎርፌ 3 ለ 0 ተፈረደባትና ወደቀች። ያኔ የምድብ አንደኝነት የሚሰጠው አንድ ተጨማሪ የደርሶ መልስ ግጥሚያ ብቻ ነበር፤ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ግብ መርታ በናይጄሪያ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸንፋ ቀረች። በ2026ቱ ሕግ የምድብ አንደኛ በቀጥታ ያልፋል። ኬፕ ቨርዴ ይህን ዕድል ተጠቀመችበት፤ የሕዝቧ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጣሪያ የገባችው ለ2002ቱ ዋንጫ የሆነ አገር፣ በመስከረም 2025 ፕራያ ላይ ካሜሩንን 1 ለ 0፣ በጥቅምት ኤስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፋ ምድቧን ጨረሰች። ስምንት ጊዜ ዓለም ዋንጫ የገባችው ካሜሩን ከኋላዋ ቀረች።

የኢትዮጵያ ጉዞ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ለ2026ቱ ማጣሪያ በኅዳር 2023 ስትጀምር ካፍ የሚያጸድቀው ስታዲየም በአገሯ ስላልነበራት በሜዳዋ ልታደርግ የሚገባትን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ሞሮኮ ውስጥ አደረገች፤ ኤል ጃዲዳ ላይ ከሴራሊዮን ጋር ያለ ግብ ተለያየች፤ ማራካሽ ላይ በቡርኪና ፋሶ 3 ለ 0 ተሸነፈች። በዚህ ላይ የሕጉን ድርሻ አጋንኜ እንዳልሆነ ግልጽ ላድርግ። የቦታ ቁጥር መጨመር ቡድን እንዲያድግ በር ይከፍታል፤ ሜዳ መሥራት፣ የተጫዋቾችን ካርድ በትክክል መመዝገብ፣ ወጣቶችን ማሳደግ ግን የየአገሩ ሥራ ነው። ጃንና ይድነቃቸው በ1964 ካነሷቸው ሁለት ክርክሮች አንዱ፣ የፍትሑ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በአብዛኛው ረትቷል። ሁለተኛው፣ የርቀቱና የወጪው፣ ለኢትዮጵያ አሁንም አለ፤ ልዩነቱ ዛሬ በሩቅ አገር እንድትጫወት ያደረጋት የፊፋ ድልድል አለመሆኑ ነው። አፍሪካን ቦታ ካስገኙላት ሁለት ሰዎች የአንዱ አገር ቡድን ሌላ ማጣሪያ ከመጀመሩ በፊት በሕዝቡ ፊት የሚጫወትበት ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ሊኖረው ይገባል፤ ይህንንም ደጋፊው ከአሰልጣኝ ሹመትና ሽረት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።